የማይሠራ ሳንቲም

«እህትሽ ከሙዳየ ምጽዋት ሳንቲም እየለቀመች ቤቷ ታከማቻለች እየተባለ ነው» አለ በቃሉ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ፉሩሴት ሰፈር፣ እህቷ ቤት መግቢያ ላይ አንድ ጫማዋን አውልቃ ሁለተኛውን ለመፍታት ጎንበስ ብላ ነበር። በሩን ገርበብ አድርጋ የተወችላት ራሷ እታገኘሁ ናት፤ እሑድ እሑድ አብረው ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ ትርንጎ ደወል መደወል ካቆመች ቆይታለች። ወጥ ቤቱን ከመግቢያው የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ስለሆነ የባልና ሚስቱ ወሬ ኮት መስቀያው ድረስ ጥርት ብሎ ይመጣል። «አሥር ኧረ ከሚሏቸው ሳንቲሞች አንዷ ኢንተርኔት ላይ አራት ሺህ ክሮነር ታወጣለች አሉ። የገዛ ልጅሽ ናት ያየችው። ስቲረው ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አስቀርቶ ሊያነጋግራት ነው። የሣጥኑን ቁልፍም ይቀበሏታል።» ስቲረ የሚሉት የሰበካውን ኮሚቴ ነው። ትርንጎ እንዳጎነበሰች የእህቷን መልስ ጠበቀች። ኧረ ተው በቃሉ ትላለች፤ እህቴን አውቃታለሁ ትላለች፤ ሌላው ቢቀር ማን ነው ያለህ ብላ ትጠይቃለች። እታገኘሁ ግን ቧንቧውን ከፈተች። ውኃው ድስት ላይ ሲወርድ ተሰማ፤ ከዚያ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ የተሰማ ነገር የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ያወለቀውን ጫማ መልሶ አጥልቆ በመጣበት ይመለስ ነበር። ትርንጎ ሁለተኛውንም አወለቀችና፣ ድምፅዋን ከወትሮው ከፍ አድርጋ «ቤቶች! እንደምን አደራችሁ!» እያለች ገባች። በቃሉ የታክሲውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ እንደገና አነሳ። እሑድ ገበያው ደህና ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በዓል ሲሆን ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ወሬ ግን ከማንም ቀድሞ ይደርሰዋል። ስለ መብራት ሂሳብ አነሳ። በዚህ ወር የመጣው ካለፈው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው አለ። ትርንጎም ቲማቲም በኪሎ ስልሳ ክሮነር መግባቱን ነገረችው። «ምን ይደረግ» አለ። «ምን ይደረጋል» አለች። እታገኘሁ ጀርባዋን ሰጥታ የታጠበውን ድስት እንደገና ታጥብ ነበር። ከመታጠቢያው ሥር ሦስት መሳቢያዎች አሉ፤ የትርንጎ ዓይን ሳታስበው ወደ ታችኛው ሄደ፤ እታገኘሁም ዓይኗ የት እንዳረፈ አየች፤ ሁለቱም ሌላ ቦታ አዩ።

ነገሩን ከሥሩ ለመናገር፣ ጥፋቱ የጀመረው ሰው ሁሉ በስልኩ መክፈል ሲለምድ ነው። በዚህ በኖርዌጃውያን አገር ለዳቦም፣ ለጸጉር ቤትም፣ ለዐሥራትም ቪፕስ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ኪሱ የሚይዝ ሰው የለም። ግን አንድ አበሻ ከሙዳየ ምጽዋቱ ፊት ደርሶ ባዶ እጁን ማለፍ እንዴት ይሆንለታል? ከኋላው የቆመው ያየዋል። ቪፕሱን ሌሊት ልኮ ሊሆን ይችላል፤ ስልክ ግን ሣጥን ውስጥ ወድቆ አይንኳኳም። እናም ምእመናኑ አንድ ዘዴ አገኙ። እያንዳንዱ ከቤቱ መሳቢያ፣ ሎፐማርክድ ከሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያ በርካሽ ከገዛው ቁም ሣጥን ጥግ፣ ካጸዳው ቢሮ ወለል ያገኘውን አሮጌ ሳንቲም እሑድ እሑድ በጨርቅ ቋጥሮ ይመጣና ቀጭ ያደርጋል። አብዛኛው አሥር ኧረ፣ የአንድ ክሮነር አንድ አሥረኛ ነው። ባንክ ከተሰናበተው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ማስቲካ እንኳ አይገዛም። ሣጥኑ ይንኳኳል፤ ሰጪው ያማትባል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቦታው ይመለሳል። እግዚአብሔርም እንግዲህ ያያል።

ሣጥኑን ከፍተው የሚቆጥሩት ትርንጎና ገንዘብ ያዡ ይድነቃቸው ናቸው። ይድነቃቸው ቢየርቪካ ሰፈር፣ ባሕሩን ከሚያይ መስታወት ሕንፃ ውስጥ የሚሠራ፣ ንግግር የሚያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን የማይሠሩትን በእፍኙ ጠርጎ ቆሻሻ መጣያው ላይ ሲያደርስ፣ ትርንጎ እጁን ያዘችው። «ልትጥላቸው ነው?» «ምን ላድርጋቸው? ውሰጃቸው፤ ከመጣል ታድኚኛለሽ» አላት። እሷም ወሰደች። ግን ለእያንዳንዷ አሥር ኧረ ከቦርሳዋ አንዳንድ ክሮነር አውጥታ ሣጥኑ ውስጥ ተካች፤ ያኔ ይድነቃቸው እስኪያስለው ሳቀባት። «አሥር እጥፍ! አንቺስ የጤናም አይደለሽ።» ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እንዲሁ ስታደርግ እያየ ኖረ።

ለምን ትሰበስባቸዋለች? እሷን ቢጠይቋት ትከሻዋን ትሰብቃለች። ቬስትሊ ባለችው በምትሠራባት የሕፃናት መዋያ፣ ባርነሃገ ውስጥ፣ የልጆቹን አሸዋ ስታጠራ አንዷን አገኘች። ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ፣ በአንድ ፊቷ ዘውድ ከደፋ የንጉሥ ምልክት በቀር ጌጥ የሌላት ሳንቲም ናት። ከሰባዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ዘጠናዎቹ መግቢያ በየዓመቱ ተሠርታለች፤ ብዙ ስለሆነች ማንም አላከበራትም፤ ማንም ስላላከበራት ማንም አላስቀመጣትም፤ ስለዚህ ዛሬ ያልተፋቀች፣ ያልተጫረች አንዲት ማግኘት ጣጣ ነው። ትርንጎን የያዛት ይኸው ነው። ከተማ መሐል ያለው ሳንቲም ነጋዴ ስታሳየው መነጽሩን እንኳ አላወረደም፤ «እነዚህን በኪሎ ነው የምንገዛው» አላት። በንዴት ከእሱው ሱቅ ባለ ፕላስቲክ ገጽ አልበም በሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ ክሮነር ገዝታ ወጣች። በኪሎ የሚሸጠውን በክብር ላስቀምጥ ካለች ማን ይከለክላታል?

አንድ ቀን ታዲያ እታገኘሁ ቤት ቢላዋ ስትፈልግ ታችኛውን መሳቢያ ከፈተች። በወረቀት የተጠቀለለ፣ እጅ ያልነካው፣ ዛሬ የተሠራ የሚመስል የአሥር ኧረ ጥቅል አየች። እታገኘሁ ቤት ለቤት እየዞረች የምትረዳት አንዲት ኖርዌጃዊት አሮጊት እንዲህ ያለ ጥቅል ሙሉ ጣሳ ሰጥታት ኖሯል። «አይሠሩም» ብላ እታገኘሁ መሳቢያውን በዳሌዋ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ባሉት እሑዶች ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የሚያብረቀርቁ አሥር ኧረዎች አንድ አንድ እያሉ መታየት ጀመሩ። ትርንጎ አልጠየቀችም፤ እታገኘሁም አልተናገረችም። ታላቅ እህቷ የሴቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ ናት፤ በየጊዜው ተነስታ «ለቤተ እግዚአብሔር ከትርፋችን ሳይሆን ከጉድለታችን እንስጥ» እያለች ሰው የምታስለቅስ ናት። የአልበሙ ምርጥ ገጾች የሞሉት በእሷ ሳንቲሞች ነው። ባለፈው እሑድ የመጨረሻው ባዶ ዓመት ሳንቲም ተገኘና ከየዓመቱ አንድ አንድ የያዘው ተከታታይ ሞላ፤ ትርንጎም ዛሬ አልበሙን በቦርሳዋ የያዘችው ለእህቷ ልጅ ለአክሱማዊት ላሳይሽ ብላ ቃል ስለገባች ነበር።

ሦስቱ ቴ-ባነ በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ትርንጎ ከዚህ፣ እታገኘሁ ከዚያ፣ አክሱማዊት ከመሐል። አክሱማዊት ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ የሆነ፣ የሆዷን የማትደብቅ ልጅ ናት። ሁለት ጣቢያ እንዳለፉ አላስችላት አለ። «ታንተ» አለች አክስቷን፣ «ፓፓ ያለውን ሰምተሻል አይደል? ኔይ፣ የለም፣ እኔ እንደዚያ አላልኩም። አንድ ሰውዬ ኢንተርኔት ላይ አራት ሺህ ብሎ ጻፈ፣ እሺ? ማንም አልገዛውም። እኔም ይሄን የውኃ ጠርሙስ አራት ሺህ ብዬ መጻፍ እችላለሁ። ለፓፓ አሳይቼው ሳቅን፤ ከዚያ እሱ ለሌላ ሰው አወራ።» ትርንጎ «አውቃለሁ የኔ ልጅ» አለቻት። «ማማ፣ አንቺ ለምን አትነግሪያቸውም?» አለች ልጅቷ ወደ ሌላው ጎን ዞራ። እታገኘሁ ነጠላዋን አስተካከለች። «ቅዳሴ እየሄድን ነው፤ ወሬ አያስፈልግም» አለች። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እናታቸው ስትተርት ከሁሉም በላይ የሰማችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። እስከ ግሮንላንድ ጣቢያ ድረስ መስኮቱን አየች፤ መንገዱ ዋሻ ውስጥ ስለገባ ግን መስኮቱ ላይ የሚታየው የእህቷ ፊት ብቻ ነበር።

ትርንጎ ተናደደች፤ ንዴቷ ግን በእህቷ ላይ ብቻ አልነበረም። ቁልፉን ቢቀሟት ግድ የላትም፤ መቁጠሩ ዱግናድ የሚሉት የነጻ አገልግሎት ነው እንጂ ደሞዝ የለው። ሳንቲሞቹንም ቢወስዱባት ታለቅሳለች እንጂ አትሞትም። ስሟ ግን? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ጥቂት ስለሆነ ስም የሚውለው ከአንድ አዳራሽ እስከ ሌላው አዳራሽ ነው፤ ሰርግ ላይ ይቀድማል፣ ለቅሶ ላይ ይቀመጣል። ከእግዜር ሣጥን የሰረቀች ተብላ በየትኛው ድንኳን ትገባለች? አንዲት ቃል ተናግራ መውጣት ትችል ነበር። ያቺ ቃል የእህቷ ስም ናት። ባቡሩ ቆመ፤ በሮቹ ተከፈቱ፤ ትርንጎ ያቺን ቃል ላለመናገር፣ ይቅርታም ላለመጠየቅ ወስና ወረደች።

ቅዳሴው አለቀ። ቤተ ክርስቲያኑ የኪራይ ስለሆነ ከምድር ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ወንበር ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያሳስብ የኖርዌጃውያኑ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ዳቦው ተቆርሶ ታደለ፤ ሻይ በወረቀት ኩባያ ዞረ። በሌላ ቀን ዳቧቸውን እየበሉ የሚበተኑት ሰዎች ዛሬ አንዳቸውም ኮታቸውን አላነሱም። ስቲረው ያነጋግራታል የተባለው ለብቻዋ ይመስላት ነበር፤ ጉዳዩ ግን በሙሉ ጉባኤ ሆነ። ቄሱ ዳር ተቀምጠው መስቀላቸውን በእጃቸው ያገላብጣሉ። ይድነቃቸው ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኅት ትርንጎ፣ ማንም ሌባ አላለሽም» ብሎ ጀመረ። ሌባ ሳይባል የተጀመረ ነገር ደግሞ የት እንደሚያልቅ የታወቀ ነው። «ግን ምእመናኑ እያጉረመረሙ ነው። ከሙዳየ ምጽዋቱ የወጡት ሳንቲሞች ዋጋ እንዳላቸው ተሰምቷል። እነሱን መልሺ፣ ቁልፉን አስረክቢ፣ ብድግ ብለሽ አንድ ጊዜ ይቅርታ በይ፤ ነገሩ እዚሁ ይዘጋ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ያው ለሰላም ሲባል።»

ለሰላም ሲባል! ይህች አባባል ያጠፋውን ጠርታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ የምታስነሳው ዝም ብሎ የተቀመጠውን ነው። ትርንጎ ተነሳች። «ውሰጃቸው ያልከኝ አንተ አይደለህም? ስተካ እያየህ የሳቅክብኝስ?» ይድነቃቸው ወረቀቶቹን አስተካከለ። «እንግዲህ ማን ምን እንዳለ አሁን ማስታወስ ያስቸግራል» አለ። እጁን ግን ለቁልፉ ዘርግቷል፤ እሱን አልረሳም።

ቦርሳዋን ከፍታ አልበሙን አወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው ፍርፋሪ አጠገብ ዘረጋችው። ከኋላ ያሉት ለማየት ከወንበራቸው ተነሱ። አራት ሺህ የተባለለት ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት ጓጉተው ነበርና፣ ተራ አሥር ኧረ መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ላይ ድንጋጤ ብጤ አለፈ። እያንዳንዱ አውቋታል። ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ያለችው፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣት ናት።

«እነሆ» አለች ትርንጎ። «ባለቤቱ ይምጣና የራሱን ለይቶ ይውሰድ። ነጋዴው በኪሎ እንጂ አልገዛም ብሎኛል፤ ከሳንቲሞቹ ይልቅ አልበሙ ይወደዳል። ግን ይሁን፤ የናንተ ከሆነ ውሰዱ። እዚህ ሣጥን ውስጥ ስትጨምሩ እንደማይሠራ ታውቁ ነበር። አይረባም ስትሉ ለእግዚአብሔር ሰጣችሁት፤ ዛሬ ዋጋ አለው ሲባል አስመልሱልን አላችሁ። እኔ ምን አጠፋሁ? እናንተ የጣላችሁትን አንስቼ፣ በምትኩ የሚሠራ አስቀመጥኩ። ይቅርታ አልጠይቅም። ቁልፉንም አልሰጥም። ሌላ የሚቆጥር ከመረጣችሁ ሌላ ቁልፍ ግዙለት።»

አንድ ሽማግሌ የወረቀት ኩባያቸውን ውስጥ መመርመር ያዙ። ከፊት የነበረች ሴት የልጇን ጃኬት ዚፕ ትዘጋ ጀመር፤ ልጁ ግን «ማማ ሞቆኛል» አለ። አንድም ሰው ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም፤ የኔ ናት ብሎ መቅረብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። ቄሱ መስቀላቸውን ማገላበጥ ትተው ሕዝባቸውን በየተራ ያዩ ነበር።

ይድነቃቸው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም። አልበሙ ላይ አጎነበሰና ጣቱን መሐሉ ገጽ ላይ ደቀነ። «እነዚህኞቹስ? ተራ አይደሉም፤ አዲስ ናቸው፤ የማንም ኪስ ውስጥ ገብተው አያውቁም። እንዲህ ዓይነት ሳንቲም የሚጥል ምእመን አለ ብለን እንመን? ከሣጥኑ ነው ያገኘሁት ካልሽ ማን እንደጨመረው ንገሪን።»

መልሱ ከትርንጎ ኋላ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ነጭ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። ዞር ብላ ብታይ እንኳ መናገር ይሆንባታል። አክሱማዊት ስልኳን ጭኗ ላይ ገልብጣ እናቷን እያየች ነበር።

«ከሣጥኑ ነው» አለች ትርንጎ ወደ ፊት እንዳየች። «ማን እንደጨመረው ግን ከኔ አፍ አትሰሙትም። ብትፈልጉ እስከ ማታ አቁሙኝ።»

«እንግዲያውስ…» አለ ይድነቃቸው፣ ወደ ጉባኤው እጆቹን እየዘረጋ፣ ነገሩ እንዳለቀለት ሰው።

ወንበር ተንቋቋ። እታገኘሁ ነበረች። ሁለት ሰዎች ጉልበታቸውን ሰብስበው አሳለፏት። ጠረጴዛው ጋ እስክትደርስ ድረስ ቀና አላለችም፤ ከትርንጎ ጎን ቆማ አልበሙን አየች። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ከፍታ አይታው አታውቅም፤ ትርንጎ ስለ ሳንቲም ባወራች ቁጥር «ከዚህ ቆርቆሮ ጋር» እያለች ወሬውን የምትቀይረው እሷ ነበረች። ገጹን በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት፤ ከዚያም ጣቷን አነሳች።

«ይቺ የኔ ናት» አለች። «ይቺም። ይቺም የኔ ናት። ይሄ ረድፍ እንዳለ የኔ ነው።» ሰው ሲያስለቅስ የኖረው ድምፅዋ ዛሬ ለራሷም የሚሰማ አልመሰለም፤ ግን አላቋረጠችም። «አንዲት ባልቴት ሰጠችኝ። እንደማይሠሩ ነግራኛለች። እያወቅሁ በየእሑዱ አንዳንድ እያልኩ ጣልኩ። ስትጠይቋት ያልተናገርኩት አፍሬ ነው። ይቅርታ የሚባል ከሆነ እኔ ልበል፤ እሷን ተዉአት።»

ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። ኩባያቸውን ሲመረምሩ የነበሩት ሽማግሌ ቀስ ብለው «የኔም ሳትኖርበት አትቀርም» አሉ፤ አጠገባቸው የነበረችው ሴት መሬት መሬት እያየች ራሷን ነቀነቀች። የይድነቃቸው የተዘረጋ እጅ ብቻውን ትንሽ ቆየና ወደ ወረቀቶቹ ተመለሰ። ቄሱ «ልጆቼ፣ ተቀመጡ» አሉ፤ የተቀመጠ ግን የለም። የሣጥኑ ቁልፍ ከተቀመጠበት ከትርንጎ ኪስ አልወጣም።

ትርንጎ እህቷን ማየት አልቻለችም። ልታቅፋት ፈለገች፤ ልትጮህባትም ፈለገች፤ ጠዋት ቧንቧውን ለምን ከፈትሽ ልትላት ፈለገች። ከዚህ ሁሉ የትኛውም ሳይወጣላት፣ እታገኘሁ ለጉባኤው ልታሳይ ብላ ከረድፉ በጣም የምታበራውን ሳንቲም ከፕላስቲኩ ውስጥ በአውራ ጣቷ ልታወጣ ስትል አየች። ትርንጎ የእህቷን የእጅ አንጓ ለቀም አደረገች።

«ፊቷን አትንኪ! ላብሽ ያበላሻታል» አለች በቁጣ። «በጠርዟ ያዣት።»

እታገኘሁ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ በሁለት ጣቶቿ በጠርዟ ያዘቻት።